የወይን ሸለቆው ወጥመድ

ሊሊ ወጥመዱ የገባት ገና መኪና ውስጥ ሳትገባ ነው። እናቷ ወይዘሮ ማንተግቦሽና የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ጋሼ ተኽላይ ተሽቀዳድመው የኋላውን ወንበር ያዙ። የቀረው ከሹፌሩ ጎን ያለው ቦታ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ደግሞ የጋሼ ተኽላይ ልጅ አዛርያስ ነው፤ ያላገባ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

«ትንሽ ነፋስ እንቀበል ብለን ነው» አሉ እናቷ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ከሰፈራቸው ከብሬብሩክ መውጣት የማይወዱት ሴትዮ ድንገት የወይን እርሻ አማራቸው።

መንገድ ላይ ጋሼ ተኽላይ ጥያቄ አበዙ።

«ሊሊዬ፣ የሥራሽ ሺፍት አይከብድሽም? ብቻሽን ነው አይደል ያደግሽው? ቁጡ ናት ይሉሻል፣ እውነት ነው?»

«በጣም!» አለች ሊሊ። ምራት እየመረጡ ነው። እንግዲያው የማትመረጥ ሆና ልታሳያቸው ቆረጠች።

ሸለቆው እንደደረሱ የሚቀመሰውን ወይን ጠጅ ሁሉ ጨለጠችው። የራሷ ሲያልቅ አዛርያስ ያልነካውን ብርጭቆ ሳበች። የወይራ ፍሬ በእፍኟ እየዘገነች ዘሩን እንትፍ እንትፍ አለች።

ዞር ብላ ስታይ ግን የሚታዘባት የለም። ጋሼ ተኽላይ ከዛፉ ላይ ጥሬ ወይራ ቀጥፈው ለእናቷ ሰጥተዋል። እናቷ ነክሰው መረራቸውና ፊታቸውን አጨማደው ይስቃሉ። ሰውየው መሐረባቸውን ዘረጉላቸው።

ሆን ብለው ለብቻችን ትተውናል አለች ሊሊ በሆዷ፤ አዛርያስንም ወደ ወይኑ ተክል መሃል ጠራችው።

«ስማ፣ እኔ አላገባህም።»

አዛርያስ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን! ኮሊንግዉድ ሰፈር የምትኖር ፍቅረኛ አለችኝ እኮ። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ እያልኩ ስጨነቅ ነው የዋልኩት። ይሄን ጫማ ያስወለወለኝም አባዬ ነው!»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? አሁኑኑ እንንገራቸው።»

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሊሊ ስትቀርብ እርምጃዋን ቀነሰች። አባቷ ካረፉ ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጓትን እናቷን አስቀይማ አታውቅም።

«እማዬ፣ እንዳታዝኚብኝ። እኔና አዛርያስ አንጋባም። ቁርጣችሁን እወቁ።»

ወይዘሮ ማንተግቦሽ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ከዚያ ወደ ጋሼ ተኽላይ ዞሩ። ሰውየው የእናቷን እጅ እንደያዙ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ምን ነካሽ ልጄ» አሉ እናቷ ፊታቸው ቀልቶ፣ «እህትና ወንድም ይጋባል እንዴ?»