አሥራ ሦስተኛው ቻናል

ልጅቷ በኢንተርኔት ለምታደርገው የሥራ ቃለ መጠይቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ ትናንት ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም የጫነችበት ላፕቶፕ የጎረቤቱን ዋይፋይ ሁሉ ደርድሮ የራሳቸውን ብቻ አላየሁም አለ። ራዲዮ ጠጋኙ አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ዋይፋይ የሚያሠራጨውን ራውተር አነሳ። እንደ እሱ አባባል በሰፈሩ አየር ላይ የሚያልፍ ሞገድ ሁሉ እሱን ሰላም ሳይል አያልፍም።

«አባዬ፣ ያንተ ስልክ እኮ በደንብ ያየዋል።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ! ይሄን ዕቃ የፈለሰፈው ሰውዬ ራሱ ሲቸግረው የሚደውለው ለኔ ነው።»

እሷ ግን የላፕቶፑን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ከፍታ ታነብ ነበር። «ገባኝ! ላፕቶፑ ያለንበትን አገር ስላላወቀ ከአሥራ አንድ በላይ ያሉትን የዋይፋይ ቻናሎች አይሰማም። ላስተካክለው ብልም እንቢ አለኝ። የኛ ራውተር ስንተኛው ላይ ነው?»

አባቷ ራውተሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሦስት ላይ ያወጣው ራሱ ነበር፤ ጎረቤታቸውን ፀጉር አስተካካዩንም «እናንተ ስድስት ላይ ተጋፉ፣ እኔ ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻዬን ነግሻለሁ» ብሎታል። ስልኩን አወጣና የራውተሩን ማስተካከያ ከፍቶ፣ አሥራ ሦስቱን አጥፍቶ ስድስት ጻፈ። ላፕቶፑ ላይ የቤታቸው ዋይፋይ ከፀጉር ቤቱ ስም ሥር ብቅ አለ።

«ምን አድርገህ ነው?»

ሦስት ቀን የሚያስወራ ጉራ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። «ጥፋቱ የኔ ነበር። በይ ወደ ቃለ መጠይቅሽ ግቢ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶላት ወጣ። አጥሩ ጋ ያገኘውን ፀጉር አስተካካይ ግን ልጁን እንዳይረብሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ጋ ስድስት ላይ ወርጃለሁ፤ ኢንተርኔትህ በድንገት ቢፈጥን እንዳትደነግጥ» አለው።