የሄዝልቢዎች የነሐስ ሰሌዳ

«በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርጊው እንጂ!» ይለኛል ወንድሜ ኤድጋር። የነሐስ ሰሌዳውን የሸፈነውን ሰማያዊ ጨርቅ ማለቱ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ላይ ቆሜ ጨርቅ አስተካክላለሁ፤ እሱ ከታች ሆኖ ያዛል። ድሮም እንዲሁ ነበርን።

ከጨርቁ ሥር የተጻፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ኤድጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አደንቁሮበታል። መንደራችን ሄዝልቢ ትባላለች፣ የቤተሰባችንም ስም ሄዝልቢ ነው፤ ስለዚህ የመንደሯ ጌቶች ዘር ነን ይላል። ከሰሌዳው አጠገብ ሰር ራልፍ ሄዝልቢ የሚባል ከድንጋይ የተጠረበ ባላባት፣ እግሩ ሥር ውሻ አስተኝቶ መቃብሩ ላይ ተጋድሟል። ኤድጋር በየእሑዱ «አያታችን» እያለ በመሐረቡ አፍንጫውን ይወለውልለታል። መንደርተኛው በሣቅ ይሞታል፤ እሱ ግን ግድ የለውም።

ዛሬ ሰሌዳው ሊመረቅ ነው። ዘመዶቻችን ከሊድስና ከሃል ከተማ መጥተው መቀመጫውን ሞልተውታል። ኤድጋር ኮቱ ላይ ነጭ ጽጌረዳ ሰክቷል፤ ምረቃው ሲያልቅ ባላባቱ ደረት ላይ ሊያኖራት ነው።

«ወይዘሮ ራቨንሾ፣ አንዴ ወደ ዕቃ ቤቱ ይምጡልኝ» ትለኛለች ሴቷ ቄሳችን ፊሊፓ፣ በባሌ ስም ጠርታ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ጠረጴዛው ላይ የድሮው የጥምቀት መዝገብ ተከፍቷል። ሦስት ዓመት ጥገና ላይ ቆይቶ ትናንት ነው የተመለሰው። «ወንድምዎን ደስ እንዲላቸው ብዬ የመጀመሪያውን አያታችሁን ጥምቀት ላነብላቸው ነበር» ትላለች። «እስቲ ይዩት።»

መነጽሬን አደርጋለሁ። ጥር 1741። «ቶማስ። በደጀ ሰላሙ የድንጋይ አግዳሚ ላይ፣ በከረጢት ተጠቅልሎ የተገኘ ወንድ ሕፃን። እናቱ አልታወቀችም። እንደ ልማዳችን የመንደሩ ስም ተሰጥቶታል።»

በስመ አብ! የቤተሰባችን መጽሐፍ ቅዱስ የሚጀምረው በዚህ በቶማስ ነው። ከቶማስ በላይ ያለውን የዘር ሐረግ እስከ ባላባቱ ድረስ በገዛ እጁ የቀጠለው ኤድጋር ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ስማችን ብቻ።

«ያኔ እንዲህ ነበር» ትላለች ፊሊፓ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተጥሎ ለተገኘ ልጅ የተገኘበትን ቦታ ስም ያወጡለታል።»

ለእኔ ነው ይሄ የሚነገረው? ባሌ ሌን ሕፃን ሳለ ተጥሎ የተገኘው ራቨንሾ ባቡር ጣቢያ፣ የሴቶች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙንም እዚያው አገኘ፤ ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ላገባው ስል ኤድጋር ምን ቢል ጥሩ ነው? «የባቡር ጣቢያ ስም የተሸከመ፣ ዘሩ የማይታወቅ ሰው የእኔን ደጃፍ አይረግጥም!» ሠርጌ ላይ አልተገኘም። ሌን አርባ ዓመት እዚሁ መንደር ኖሮ፣ አንድ ቀን ወንድሜ ቤት ሻይ ሳይጠጣ ሞተ። ቀብሩ ላይም ኤድጋር አልቆመም። በኋላ የታረቅነው እኔን ብቸኝነት ስላንገፈገፈኝ ነው እንጂ ይቅርታስ አልጠየቀኝም።

መዝገቡን አቅፌ እወጣለሁ። ዘመድ አዝማዱ ፊት ጮክ ብዬ ላነብለት ነው። የሚገፋኝ ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም።

ኤድጋር ሲያየኝ ፈገግ ይላል። «ዊኒ፣ ፀጉሬ ደህና ነው?»

ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሦስት ዘለላ ፀጉር ነው የቀረው፤ እሷኑ በውኃ አስተኝቷታል። ወይ አበሳዬ! እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አላዋርደውም። ክርኑን ይዤ ከምሰሶው ጀርባ እወስደዋለሁ።

«አንብብ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም እኮ።»

«የእኔን እንካ።»

ሐምራዊ መነጽሬን አድርጎ ያነባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከላይ ጀምሮ እንደገና ያነባል።

«ሌላ ቶማስ ይሆናል።»

«ሌላ ቶማስ የለም፣ ኤድጋር። ፊሊፓ አይታዋለች።»

ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አያለሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ እምቢ ይለኛል።

«አጎቴ ኤድጋር፣ ግለጠው እንጂ! ሳንድዊቹ ደረቀ እኮ!» ይጮኻል ከሃል የመጣው ዘመዳችን ባሲል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል።

ኤድጋር የሰማ አይመስልም። «በጥር» ይላል። «በጥር ብርድ፣ ድንጋይ ላይ።» ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል። «ዊኒ... ሌንን የቀበርሽው የት ነው?»

ክው እላለሁ። መዝገቡ እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም።

«እዚሁ ነው እኮ! ከደጀ ሰላሙ ስትወጣ በግራ በኩል፣ አጥሩ ሥር። ዘጠኝ ዓመት በየእሑዱ በአጠገቡ ታልፋለህ!»

«አላውቅም ነበር።»

«ጠይቀህ አታውቅማ!»

ኤድጋር ጽጌረዳዋን ከኮቱ ላይ ይነቅላል። ባላባቱን አልፎ፣ የተሸፈነውን ሰሌዳ አልፎ፣ በዘመዶቻችን መሐል ወደ በሩ ይሄዳል። ሣቁ ወንበር በወንበር እየተከተለው ጸጥ ይላል። ባሲል አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

መዝገቡን እንዳቀፍኩ በተከፈተው በር አየዋለሁ። መነጽሬን አልመለሰልኝም። አበባዋን ይዞ፣ አጥሩ ሥር ጎንበስ እያለ፣ ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው እየሄደ ስም ያነባል።