ከኖራው ሥር

ወሬ የማያመልጣት ጎረቤቷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሰማሽ አዴ ድርቤ? ሹሙ ከእንግዲህ በከተማ የጭቃ ቤት ክልክል ነው ብሏል አሉ፤ አንቺን ሊያስቆም እየመጣልሽ ነው» ስትላት፣ ድርቤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ነበረች። ጭዱ ሳምንት ሙሉ ከጭቃው ጋር ቦክቶ ገና ዛሬ ለምርጊት ደርሶላታል። ክረምቱ ደግሞ መጣ፤ ሌላ መግቢያ የላትም።

ሹሙ ለደቦ የመጣውን ሰው ገፋ ገፋ አድርጎ ገባና ማገሩን በዱላው ነካ አደረገ። «በሲሚንቶ ካልሆነ ይፈርሳል!» ድርቤ መርገጧን አላቆመችም፤ ካቆመች የምታለቅስ መሰላት።

ይሄኔ ጓደኛዋ ዘርትሁን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ፣ የቢሮዎን ግድግዳ ጭቃ በእግራችን ያቦካነው እኔና እሷ ነን። ሲመለሱ ኖራውን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ከዚያ ማፍረሱን ከራስዎ ይጀምሩ።»