ግንባር ላይ የተጋደመ ጣት

«መስማት የተሳናቸው ልጆች ያሙሻል» ትላታለች የዶርሟ ልጅ ትርሲት፣ ጠዋት ማታ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለመሆን የመጣችው ልጅ መጀመሪያ ሳቀች፤ «በእጅ የሚታማ ሰው እንቅልፉን አያጣም» አለች። ኋላ ግን በዓይኗ አየች። በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር አንዱ ጠቋሚ ጣቱን ግንባሩ ላይ ያጋድማል፣ ልክ እሷ ጠባሳ ባለባት ቦታ። ሌሎቹ ዞር ብለው አይተዋት ፈገግ ይላሉ።

ከክፍል ቀረች። ወዲያው ወደ አካውንቲንግ ተዛወረች።

ዝውውሩ ካለቀ በኋላ የቀድሞ መምህሯ ግቢ ውስጥ አገኛት።

«ምነው ጥለሽን ሄድሽ? ልጆቹ ይጠይቁኛል እኮ።»

«እንዲህ እያሉ ሲያላግጡብኝ ልቀመጥልዎት?» አለችና ጣቷን ግንባሯ ላይ አጋደመች።

«እሱማ ስምሽ ነው» አላት መምህሩ። «በመልክ ነው ስም የሚያወጡት፤ ያውም የራሳቸው ላደረጉት ሰው ብቻ። በቀረሽበት ቀን ያስተማርኩት እሱን ነበር።»