አዲስ እጅ ለአሮጌ ሸክላ

«ይሄኛው ያው የራሱ ነው፤ ቀለሙም መጠኑም» አለ ዳኘ፣ ብረቱን ከማጫወቻው ጎን አስጠግቶ እያስተያየ። «ያለ ጣጣ እዚያው በድሮው ቀዳዳ ይገባል።»

ጠጋኙ ናስረዲን ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየው። ከሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቁ አሁን የሚጠግነው ስልክ ነው፤ ሬዲዮና ቴፕ ከነካ ሰንብቷል። የዳኘ ሸክላ ማጫወቻ ሲመጣ ግን የተፈታቱትን ስልኮች በክንዱ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፅም አለው። የጎደለው መርፌውን ተሸክሞ ሸክላው ላይ የሚሄደው እጁ ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ከቁምሳጥን አናት በጥድፊያ ሲያወርዱት ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ዳኘ ያልጠየቀበት የለም። ሚስቱ ሙሉመቤት ኦፕራሲዮን ሆና በተኛችበት፣ ገና ከሰመመኑ ስትነቃ፣ «ቤት ስገባ ያንን ሸክላ ታሰማኛለህ» ብላዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሰው ስታስታምም የኖረች ነርስ ናት፤ ለራሷ ይህን አድርግልኝ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ስለዚህ አንጋጫ ዘመዶቹ ጋ ሄደ፣ ጃጁራ ገበያ ዞረ፣ አዲስ አበባ ላለ የድሮ ተማሪው ደወለ። በመጨረሻ ሁለት እጅ ተገኘ። አንዱ ጃጁራ ውስጥ ከዚያው ዓይነት ከሞተ ማጫወቻ የተነቀለ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ቀጠን ያለ፣ ከኋላው ክብ ክብደት የተሰካበት፣ ከሌላ ሥሪት የመጣ ባዳ።

ናስረዲን የጃጁራውን ተቀብሎ በጣቱ ገፋ አደረገው። ትንሽ ሄዶ ቆመ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ቆመ።

«ያዩታል ጋሼ? መዞሪያው ደርቋል። እንዲህ እየተጎተተ ሸክላውን ያርሰዋል። ስንት ሸክላ አለዎት?»

«አንድ ናት የቀረችን።»

«እንግዲያው ይሄኛው ይሻላል።» ቀጭኑን አነሳና እፍ ቢለው እንደ ላባ ዞረ። «ግን በድሮው ቀዳዳ አይገባም። እንጨቱን አዲስ መብሳት አለብኝ። ከተበሳ ደግሞ ተበሳ ነው።»

ዳኘ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው በከምባትኛ አጉረመረመ። ይህን እንጨት በየበዓሉ ዘይት ነክቶ በጨርቅ ሲያሸው ነው የኖረው። ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉ እንኳ አንድ ጭረት አላስነካውም።

«አይሆንም» አለ። «የራሱ እያለለት...»

«ብሳው፣ ናስረዲን።»

ሙሉመቤት ነበረች። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሹራቧን ደረቷ ላይ ሰብስባ እስካሁን ስታይ ቆይታለች።

«አንቺ ደግሞ! ዕቃውን እኮ ነው የሚያበላሸው።»

«እኔንስ ቀደው አይደል ያዳኑኝ? ጠባሳ አላት ብለህ ትተኸኝ ሄድክ?»

ናስረዲን ሳቁን ለመደበቅ ወደ መሣቢያው ጎንበስ አለ። «ሲስተር ካዘዙ እንግዲህ...»

ሸክላው ከሚሰካበት ዘንግ ጀምሮ በማስመሪያ ለካ፤ በእርሳስ ነጥብ አደረገ፤ አላመነውም፣ እንደገና ለካ። መሰርሰሪያው መጮህ ሲጀምር ዳኘ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። የመናኸሪያው ረዳቶች «ዱራሜ! ዱራሜ የሞላ!» ይላሉ፤ መኪናው ግን ባዶ ነው። ጩኸቱ ሲቆም ዞሮ አየ። ትንሽ የእንጨት ዱቄት፣ መሃሉ ላይ ንጹሕ ቀዳዳ። እንደፈራው አልሆነም።

ናስረዲን አዲሱን እጅ በብሎን አሰረው፤ ክር የሚያካክሉትን ሽቦዎች በየቀለማቸው በየደ። ከዚያ የኋላውን ክብደት እያዞረ ወደ ኋላ ገፋው፤ እጁ እንደ ሚዛን አየር ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ። ትንሽ መለሰለትና መርፌው ዝቅ አለ።

«አሁን ያምጧት።»

ዳኘ ሸክላዋን ከካርቶኗ አወጣት። ገና አዲስ ተጋቢ ሳሉ፣ አንድ የሚዘጋ ቡና ቤት ዕቃውን ሲሸጥ የገዟት ናት፤ ያን ጊዜም ተጭራ ነበር። ዘፋኙ ከወንዝ ማዶ ያለች ልጅ ይጠራል፣ ይለምናል፣ «ትመጪ ይሆን ወይ?» ይላል፤ እዚያ ላይ መርፌው ይዘልና የመዝጊያው ሳክስፎን ይመጣል። ዘፈኑን እንዲሁ ነው የሚያውቁት። ልጆቻቸውም እየዘለሉ ነው የለመዱት።

መርፌው አረፈ። ጥቂት ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ያ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ሙሉመቤት ዓይኗን ጨፈነች። ዳኘ ተማሪ ቤት ግቢ የነበረችውን አንድ ክፍል ቤታቸውን አሰበ፤ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው የሚጨፍሩባትን። ሳያውቀው ማንጎራጎር ጀምሯል፤ እሷም ተከትላዋለች።

«ትመጪ ይሆን ወይ?» አለ ዘፋኙ፤ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ዘለው ሳክስፎኑን በአፋቸው ያዙ።

መርፌው ግን አልዘለለም። ጭረቱ ላይ ሲደርስ «ጠቅ» አለ፤ ቀጭኑ እጅ ትንሽ ተንቀጠቀጠና አለፈ። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀድመው ሄደው ቀሩ። ዘፈናቸውን አቋርጠው ተያዩ።

እስከ ዛሬ ሲዘለል ከኖረው ቦታ የሴት ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ያልቸኮለ፤

ወንዙ ሞላ እንጂ መቼ እኔ ቀረሁ፣
ጫማዬን አውልቄ ከዳር ቆሜ አለሁ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለ ዳኘ በሹክሹክታ።

«እሽሽ!» አለችው።

ሙሉመቤት ከዱካው ተነሥታለች። አንድ እጇን የናስረዲን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ ብላለች፤ ሴቲቱ ስንኙን ስትደግመው ቃሉ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።