የጁንሸንግ ቅዳሜዎች

ሹጄን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የታይናን ከተማ ስካውቶችን ለከፍተኛው ማዕረግ የሚመዝነው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናት። የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ወቀሳ ግን አያጣም። አምና ማዕረጉን የወሰደ አንድ ልጅ አገልግሎቱን ከአጎቱ ጋር ተመሳጥሮ የፈጠረው ሆኖ ተገኝቶ፣ በወላጆች ፊት አንገቷን ደፍታለች። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር በእሷ እጅ እንደማያልፍ ለራሷ ምላለች።

የዘንድሮው አመልካች አንድ ብቻ ነው፤ ጁንሸንግ። ትሑት ልጅ ነው። ድንኳን ሲተክልም ሆነ ገመድ ሲቋጥር እንከን አይወጣለትም። በመጪው ወር ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለሚሞላው ከዚያ በኋላ ማዕረጉን መጠየቅ አይችልም። አሁን ካመለጠው አመለጠው ነው።

ስለ አገልግሎቱ ሲጠየቅ፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ለአባባ ጉዎ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ዓይናቸው አያይም" ብሎ ነበር። እሳቸው ይመስክሩልህ ሲባል ግን ጆሮው ቀላ።

"እሳቸውን መጠየቅ ይከብደኛል፣ መምህር" አለ ወደ ሹጄን ዞሮ።

"ምኑ ነው የሚከብደው?" አለ ሆንግ። ሆንግ ሁለተኛው የኮሚቴው አባል ነው። ገበያው በር ላይ ቁርስ ቤት አለው፤ የሰማውን ለደንበኞቹ ሳያካፍል የሚውል ሰው አይደለም። "ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። እኔ ራሴ እጠይቅልሃለሁ።"

"አይ፣ ጋሼ ሆንግ፣ እባክዎ ይተዉት" አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

ሹጄንን ነገሩ የከነከናት ይሄኔ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ እንደወጣች ሞተሯን አስነስታ ሄደች። አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተብሏል፤ ባለሱቆች መስኮታቸውን በጣውላ ይመታሉ። አየሩ ታፍኖ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። የአባባ ጉዎ ቤት ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ ነው።

"ስካውት?" አሉ ሽማግሌው። "እዚህ ቤት ስካውት መጥቶ አያውቅም፣ ልጄ።"

"ቅዳሜ ጋዜጣ የሚያነብልዎ ልጅስ?"

"እሱማ የልጅ ልጄ ነው፣ አሚንግ።" ፊታቸው በራ። "ድሮ ብታይው ጉድ ትይ ነበር። ለዓመት በዓል እንኳ የሚመጣው በስንት ልመና! ወታደር ቤት ደርሶ መጣና ሰው ሆነ። አሁን ቅዳሜን አይዘልም። ሽንት ቤቱን ስፈልግ ግድግዳ እንዳልገጭ ይኸውልሽ ገመድ ዘርግቶልኛል።"

ሹጄን ገመዱን ነካ አደረገችው። የጠበቀ ነው፣ ቋጠሮውም ንጹሕ። ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

"ሌላ ልጅ አልመጣም? ዩኒፎርም የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ጨርቅ ያሰረ?"

ሽማግሌው ሳቁ። "የልብስ ነገር ዓይነ ስውር ይጠየቃል? ከአሚንግና ከእናቱ በቀር ደጄን የሚረግጥ የለም አልኩሽ እኮ።"

ስትመለስ ተናዳ ነበር። ከንዴቱም ይልቅ ሐዘኑ ባሰባት፤ ልጁን ትወደዋለች። ቀይ መብራት ጥሳ አንድ የታክሲ ሹፌር ሰደባት።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ነፋሱ የአዳራሹን መስኮት ያንኳኳል።

"አባባ ጉዎ ዘንድ ሄጄ ነበር" አለች።

የጁንሸንግ ፊት አመድ መሰለ። "ምን ብለው ጠየቋቸው?"

"ስካውት ይመጣል ወይ አልኳቸው። አይመጣም አሉኝ።"

"ሌላ ምንም አላሏቸውም?"

"ሌላ ምን ልላቸው ኖሯል?"

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ሹጄንን ያ ትንፋሽ ከውሸቱ በላይ አቃጠላት።

"ወይ ጉድ" አለ ሆንግ። "ዓይን በሌላቸው ሰው ስም ይነገዳል? ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ምን ይላል?"

"የሚያነብላቸው የልጅ ልጃቸው ነው" አለች ሹጄን። "የምትለው ካለህ አሁን ተናገር። ማዕረጉ እየቀረብህ ነው።"

ጁንሸንግ አፉን ከፈተ። ሆንግን አየት አደረገውና መልሶ ዘጋው።

"የምለው የለኝም፣ መምህር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ሁለተኛ አይጠይቋቸው።"

"ለልመናም ፊት አለህ?" አለ ሆንግ።

ሁለቱም እጃቸውን አወጡ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ጁንሸንግ ሦስት ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ዣንጥላውን ረስቶ ወጣ።

ሹጄን አሁን ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ቅዳሜ አውሎ ነፋሱ ከተማውን ሲያተራምስ ዋለ፣ እሷም ቤቷ ውስጥ ስትንቆራጠጥ። እሑድ ጠዋት ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ሽማግሌው በስማቸው ተቀልዶባቸዋል፤ እውነተኛ ስካውት ሊላክላቸው ይገባል። ለእጅ መንሻ የዘይቱን ፍሬ ገዝታ ወደ አባባ ጉዎ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተችላት እጅጌዋን የሰበሰበች፣ መጥረጊያ የያዘች ሴት ናት። ከደጃፉ ላይ የዝናቡን ውሃ እየጠረገች ነበር። "አባቴ ተኝተዋል" አለች። "ማን ልበል?"

"የስካውት ኃላፊ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በአባትዎ ስም የዋሸ ልጅ ነበረን፤ ቀጥተነዋል። ለካሣ ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጨዋ ልጅ ልመድብላቸው ብዬ ነው፤ የእርስዎ አሚንግም ትንሽ ያርፋል።"

ሴትየዋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አሚንግ ወታደር ቤት ሳለ ነው የሞተው፤ አባቴን እስከ ዛሬ አላረዳናቸውም፣ እህቴ።"