ጨው ዕቃው አጠገብ የሚመታ ልብ

በረዶ ስሜን ተራሮች ላይ መክረም ከጀመረ ወዲህ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሊጫወት የሚወጣ ሁሉ ደረቱ ላይ ያለበትን የሚናገር ጠቋሚ ያስራል። ናዳ ቢቀብረው ነፍስ አድኖቹ የሚቆፍሩት ጠቋሚው ያለበትን ነው። የልቡ ምት ደግሞ ነፍስ አድኖቹ ዘንድና እቤቱ ባለ መቀበያ ይሰማል። ማንጠግቦሽ የባሏን የአዛናውን ልብ ጨው ዕቃው አጠገብ አስቀምጣ፣ እሱ እስኪመለስ ሽንኩርት እንኳ አትከትፍም፤ የቢላው ድምፅ ይሸፍንባታላ።

ዛሬ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። ጠረጠረችና ደወለች።

«አዛንዬ፣ የት ነህ?»

«ቁልቁል እየበረርኩ!»

«ታዲያ ልብህ ምነው እንደ ተኛ ሰው?»

«ጀግና አይደለሁ እንዴ!»

አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣ ጀግና! ስልኩን እንደያዘች ጓሮ ወጣች። በቅሎዋ ድርቆሽ ትቆረጥማለች፤ ጠቋሚው ደረቷ ላይ ታስሯል። ለካ ናዳ ስለሚያሰጋ የተዘጋ ዳገት ሲረግጡ ጠቋሚው ስለሚጮህ ነው በቅሎዋ ላይ ያሰረው!

«አንተ! ናዳ ቢመጣ እኮ የሚቆፍሩት በቅሎዋን ነው!»

ስልኩ በድንገት ተቋረጠ።

ነፍስ አድኖቹ እንዲነቁ ጠቋሚውን ከበቅሎዋ ፈታ የራሷ ደረት ላይ አሰረችው። ወዲያው ነፍስ አድኖቹ ደወሉ።

«እመቤት፣ የባልሽ ልብ ሊፈነዳ ነው!»

«ልቡ እኔ ጋ ነው፤ ጠቋሚውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ የተዘጋው ዳገት ላይ ነው፤ ድረሱለት!»

ገብታ ጨው ዕቃው አጠገብ ተቀመጠች። ከመቀበያው የሚሰማው፣ የሚጋልበው የራሷ ልብ ብቻ ነበር። ሽንኩርቱን አልነካችውም።